የምክር ዋጋ በድሃ ቤት

የነርስነት ሙያ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ቀድሞ የሚታወሰው የጦር ሜዳ ሆስፒታል ነው። ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ መብራት ይዛ በቁስለኞች መካከል ስትመላለስ የሚያሳየው ሥዕል ለሙያው እንደ ዓርማ ሆኖ ኖሯል። ይሁንና ለነርስ ትምህርት ከሆስፒታሉ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ የቆየው ሌላ ስፍራ ነው፤ ይኸውም የድሃው ቤት ነው። በሆስፒታል ውስጥ አልጋው፣ ውሃው፣ ብርሃኑና ምግቡ ለሥራዋ እንዲያመች ተሰናድቶ ይጠብቃታል። በድሃው ቤት ግን ከእነዚህ አንዱም አይጠብቃትም። እዚያ የምትሰጠው ምክር ሁሉ ቤተሰቡን አንድ ነገር ያስከፍለዋል፤ ጊዜ ወይም ጉልበት፣ ማገዶ ወይም ገንዘብ። ይህን ዋጋ ማስላት የማታውቅ ነርስ የቱንም ያህል ብትማር ምክሯ ከደጃፉ አያልፍም። ስሌቱን ለተማሪዎች እንዴት ማስተማር ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከ160 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ መልሱም በየዘመኑና በየአገሩ ሲለዋወጥ ኖሯል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ነው። ሊቨርፑል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከዓለም ታላላቅ ወደቦች አንዷ ስትሆን፣ የዚያኑ ያህል የድሆች መከራ የበዛባት ነበረች። በተለይም በ1847 የአየርላንድን ረኃብ የሸሸ ሕዝብ ሲጎርፍባት፣ ቀድሞውኑ ተጨናንቀው የነበሩት ጠባብ ግቢዎችና ምድር ቤቶች የተስቦና የተቅማጥ መፈልፈያ ሆኑ። በዚያው ዓመት የከተማው ምክር ቤት ሁለት ሹመቶችን ሰጠ። ዶክተር ዊልያም ዳንካን በእንግሊዝ የመጀመሪያው የከተማ ጤና ሹም፣ ጄምስ ኒውላንድስ ደግሞ የመጀመሪያው የከተማ መሐንዲስ ሆኑ። ኒውላንድስ የከተማይቱን መሬት በዝርዝር ለክቶ ካርታ ካነሣ በኋላ የፍሳሽ ቦይ ሥራውን በ1848 ጀመረ። እስከ 1859 ድረስም 86 ማይል፣ ማለትም ወደ 138 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አዲስ ቦይ ተቀበረ። የመሐንዲስነት ሙያ ለሕዝብ ጤና ካበረከታቸው ሥራዎች መካከል ይህን የሚያህል ጥቂት ነው።

ቦዩ ግን የሚደርሰው እስከ መንገዱ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ኑሮ ለማየት ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ ያ ሰው የተገኘው በዚያው በ1859 ነው። ዊልያም ራትቦን የተባለው የሊቨርፑል ነጋዴ ባለቤቱ በጽኑ ታማ ስትሞት፣ በሕመሟ ጊዜ ያስታመመቻት ሜሪ ሮቢንሰን የምትባል ነርስ ነበረች። ራትቦን በሀብታም ቤት እንኳ ይህን ያህል እፎይታ የሰጠ ሙያ በድሃ ቤት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሰበና፣ ሜሪ ሮቢንሰንን ለ3 ወር ቀጥሮ ድሆችን በየቤታቸው እየሄደች እንድታስታምም ላካት። ወሩ ሳይርቅ ነርሷ እያለቀሰች ተመለሰች፤ ያየችውን መከራ መሸከም እንዳቃታትና ከውሉ እንዲያሰናብታት ለመነችው። ራትቦን ግን የተባለውን 3 ወር እንድትጨርስ አግባባት። ጊዜው ሲያልቅ ሥራውን ልተው ማለቷ ቀርቶ እንድትቀጥልበት የጠየቀችው እርሷው ሆነች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ራትቦን ደግነት ለመመስከር ነው። ይሁን እንጂ ቁም ነገሩ ያለው በወራቱ ቁጥር ላይ ይመስላል። በመጀመሪያው ወር ነርሷ ያየችው መከራውን ብቻ ነበር። የቤቱን አሠራር ለማወቅ፣ ማለትም ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያበስል፣ ገንዘቡ በሳምንቱ ስንተኛ ቀን እንደሚያልቅ፣ የቱ ጎረቤት እንደሚረዳና የቱ እንደማይረዳ ለማወቅ የአንድ ወር ምልልስ አይበቃም። ዕንባ የመጀመሪያው ወር ነው፤ ዕውቀት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥልጠናውን ያቀዱት ሰዎች ይህን ልብ ብለውት ቢሆን ኖሮ ኋላ የተፈጸሙ በርካታ ስሕተቶች በቀሩ ነበር።

ራትቦን ሌሎች ነርሶችን ሊቀጥር ሲፈልግ የሠለጠነ ሰው አጣ። ናይቲንጌልን ቢያማክራት ራሱ እንዲያሠለጥን መከረችው፤ በ1862 እና በ1863 መካከልም ከከተማው ሆስፒታል ጋር የተያያዘ የነርሶች ትምህርት ቤትና መኖሪያ ተሠራ። ከተማይቱም በ18 ቀበሌዎች ተከፍላ ለእያንዳንዱ ነርስ ተመደበ። ናይቲንጌል በ1860 ባሳተመችው የአስታማሚነት መጽሐፍ ለጤናማ ቤት አምስት ነገሮች አስፈላጊ መሆናቸውን ዘርዝራ ነበር፤ ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ውሃ፣ በሚገባ የሚወርድ ፍሳሽ፣ ንጽሕናና ብርሃን ናቸው። አምስቱም የሕንፃና የውሃ ሥራ ባለሙያ ከጠረጴዛው የማያጣቸው መሆናቸው ሊታለፍ አይገባም። እንግዲህ ነርሷ በድሃው ቤት የምትሠራው አንድ መሐንዲስ ሳይሠራው የተወውን በእጇ ማሟላት ነበር ማለት ይቻላል። መስኮት ባልተቀደደለት ክፍል አየር እንዲገባ፣ ቧንቧ ባልደረሰበት ቤት ውሃ እንዲገኝ ማድረግ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ አንድ ችግር ብቅ አለ። በየቀበሌው ለነርሷ ድጋፍ የሚሰጡ ባለጸጋ ሴቶች ምግብና አልባሳት፣ ብርድ ልብስና መድኃኒት ያቀርቡላት ስለነበር፣ ነርሷ ከአስታማሚነት ይልቅ ወደ ምጽዋት አከፋፋይነት ታዘነብል ጀመር። በ1870ዎቹ አጋማሽ ፍሎሬንስ ሊስ የተባለች የናይቲንጌል ደቀ መዝሙር የነበረውን ሥራ መርምራ ያቀረበችው ዋና ቅሬታ ይኸው ነበር። ከዚያም በለንደን በእርሷ መሪነት በተቋቋመው ማኅበር ነርሷ በእጇ ምጽዋት እንዳትሰጥ ተከለከለ። ቤተሰቡ የሚበላው ካጣ ለሚመለከተው የእርዳታ ድርጅት ታሳውቃለች፤ እርሷ ግን የምትሠራው የነርስነቱን ሥራ ብቻ ነው።

ደንቡ በመጀመሪያ ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ዳቦ ይዛ የምትመጣ ነርስ የምታየው ዳቦ የሚያሰጠውን የቤቱን ገጽታ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ያለውን ይደብቃል፤ የሌለውን ያጎላል፤ ይህም በማናቸውም አገር ያለ የሰው ጠባይ ነው እንጂ የድሃ ጠባይ አይደለም። ምጽዋቱ ሲቀር ግን ነርሷ ቤቱን እንዳለ ታየዋለች። የሊስ ሌላው ሐሳብ፣ ይኸውም የቀበሌ ነርሶች በሙሉ ከተከበሩ ቤተሰቦች የተወለዱ የተማሩ ሴቶች ይሁኑ ማለቷ፣ ያን ያህል የሚያስመሰግናት አይደለም። እንዲህ ዓይነቷ ነርስ ክፍሉን አስተካክላ፣ አልጋውን ከግድግዳው አርቃ፣ መስኮቱን ከፍታ ትወጣለች። ክፍሉ በማግሥቱ ለምን ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ለመጠየቅ ግን የኑሮው ርቀት አያስችላትም። በንግሥት ቪክቶሪያ ስም በ1887 የተቋቋመው የነርሶች ድርጅት ይህን ሥርዓት፣ ደግነቱንም ጉድለቱንም ይዞ፣ በመላ አገሪቱ አስፋፋው።

ርቀቱን ለማጥበብ የሞከረችው ከአትላንቲክ ማዶ የተገኘች ነርስ ናት። ሊሊያን ዎልድ በ1893 በኒው ዮርክ ምሥራቃዊ ዝቅተኛ ሰፈር ለስደተኛ ሴቶች የቤት ውስጥ አስታማሚነት ታስተምር ነበር። አንድ ቀን በትምህርት ላይ ሳለች አንዲት ሕፃን ልጅ መጥታ እናቷ መታመሟን ነገረቻት። ዎልድ ልጅቷን ተከትላ ብትሄድ ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስሳት የቆየች ሴት በቆሸሸ አልጋ ላይ ተኝታ አገኘች። ስታስተምረው የነበረው የአልጋ አነጣጠፍ ትምህርትና ያየችው አልጋ ምንም የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ያን ዓመት ሳይፈጽም ከጓደኛዋ ከሜሪ ብሩስተር ጋር በዚያው ሰፈር ቤት ተከራይታ መኖር ጀመረች፤ በ1895 ደግሞ ሄንሪ በተባለው ጎዳና ላይ ትልቅ ቤት ተገኘላቸው።

ነርሶቹ የሰፈሩ ነዋሪ ሆኑ ማለት የሰፈሩን ደረጃ ይወጣሉ፣ የሰፈሩን ውሃ ይጠጣሉ ማለት ነው። በየሕንፃው አምስትና ስድስት ፎቅ ወጥቶ መውረዱ ጊዜ ስለሚፈጅ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየተሻገሩ ይሄዱ ነበር። ለአገልግሎቱም መክፈል የሚችል ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፤ የማይችል በነጻ ይታከማል። ይህም ቤተሰቡ ነርሷን እንደ ለጋስ ሳይሆን እንደ ባለሙያ እንዲቀበላት አደረገ። በ1913 ላይ የነርሶቹ ቁጥር 92 ደርሶ በዓመት 200 ሺህ ጊዜ ያህል ቤት ለቤት ይጎበኙ ነበር። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ በ1910 የነርስና የጤና ትምህርት ክፍል ሲከፈት ተማሪዎቹ ለሥራ ልምምድ የሚላኩት ወደዚሁ ቤት ሆነ።

በ1902 የተደረገው ሙከራ ደግሞ የምክርን ዋጋ ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። በኒው ዮርክ ትምህርት ቤቶች ሐኪሞች እየዞሩ ዓይናቸውን ወይም ቆዳቸውን የታመሙ ልጆችን ወደ ቤት ይመልሱ ነበር። ሐኪሙ ትእዛዙን ሰጥቶ ይሄዳል፤ እናትዮዋ ግን ወረቀቱን ማንበብ አትችልም፤ ብታነብም መድኃኒቱን የምትገዛበት የላትም፤ ልጁም ለሳምንታት ጎዳና ላይ ይውላል። ከሄንሪ ጎዳና የተላከችው ሊና ሮጀርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ወር ልጆቹን እያከመች፣ የየቤታቸውንም ደጃፍ እያንኳኳች እናቶቹን በማስረዳት ስትሠራ፣ ከትምህርት የሚቀሩት ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ሕክምናው ያው ነበር፤ የተለወጠው ሒሳቡን የሚያወጣለት ሰው መገኘቱ ነው።

በዚያችው አሜሪካ ባለፉት አሥርት ዓመታት በብዙ የነርስ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ልምምድ ተለምዷል። ከሚዙሪ ግዛት የወጣው ይህ ልምምድ በአዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የድሃ ቤተሰብ አባላት ሆነው ይመደባሉ። ባንክ፣ ወለድ አግድ፣ የእርዳታ ጽሕፈት ቤትና መሥሪያ ቤት በየጠረጴዛው ይቆማሉ፤ አንዱ ሳምንት በ15 ደቂቃ ይታሰብና የአንድ ወር ኑሮ በአንድ ሰዓት ያልፋል። የመጓጓዣ ቲኬት ያለቀበት ወደ ሥራው መሄድ አይችልም፤ ሰልፍ ላይ የዋለ ልጁን የሚያቆይበት ያጣል። ይህ ልምምድ ፋይዳ የለውም ማለት አይቻልም፤ ድህነት የገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን የጊዜ እጦትም መሆኑን በሚገባ ያሳያል። ነገር ግን የሜሪ ሮቢንሰንን 3 ወር ከዚህ አንድ ሰዓት ጋር ለሚያስተያይ ሰው፣ ተማሪው ከአዳራሹ የሚወጣው ገና በመጀመሪያው ወር ዕንባ ላይ ሳለ መሆኑ ግልጽ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ዘመናዊ የነርስነት ትምህርት ከእንግሊዙ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 በነርስነት ተመረቁ። ይህ ሆስፒታል በ1852 ሲቋቋም ዓላማው የድሃ ልጆችን ማከም ነበር። ልዕልቲቱ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 ነቀምት ላይ ሲያርፉ፣ በስማቸው የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፍቶ ነርሶችን ያሠለጥን ጀመር፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ይኸው ነው። በዚያ ዘመን የተከፈቱት የነርስ ትምህርት ቤቶች ማሠልጠኛቸው የሆስፒታል አልጋ ሲሆን፣ ከአሥር ኢትዮጵያውያን ከዘጠኝ የማያንሱት ግን የሚኖሩት ሆስፒታል በሌለበት ገጠር ነበር።

ይህን አካሄድ የለወጠው የጎንደር ትምህርት ቤት ነው። በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው የደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰው ጨረሰ። በማግሥቱ ዓመት በ1954 የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ ድርጅት ጋር በመተባበር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ። ትምህርቱ የታቀደው ለአንድ ሙያ ሳይሆን ለአንድ ቡድን ነበር። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ሠልጥነው 50 ሺህ ሕዝብ ወደሚያገለግል ጤና ጣቢያ አብረው ይመደባሉ። ተማሪዎቹም ከመመረቃቸው በፊት በቡድን ሆነው እንደ ቆላድባ ባሉ በዙሪያው የሚገኙ ጤና ጣቢያዎች እየኖሩ ይሠራሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውን፣ ከብትን፣ የውሃ ምንጭን፣ ሽንት ቤት መኖር አለመኖሩን ይቆጥራሉ።

ሳኒታሪያኑ ከነርሷ ጎን መቆሙ የጎንደር ዕቅድ ትልቁ ብልኅነት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሁለት ተራ ምክሮችን ማስላት ይበቃል። የመጀመሪያው ትራኮማ ዓይኑን ለሚያጠፋው ልጅ የሚሰጠው ምክር ነው፤ የልጁን ፊት በየቀኑ በንጹሕ ውሃ እጠቢ ይባላል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ይበቃዋል ቢባል 120 ሊትር ያስፈልገዋል። አንድ እንስራ 20 ሊትር ቢይዝ ይህ ስድስት ጊዜ ወንዝ መውረድ ነው። ምልልሱ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ እናትዮዋ ወይም ሴት ልጇ በቀን 6 ሰዓት በጀርባዋ ውሃ መሸከም አለባት፤ ከዚያ በኋላ ነው እንጨት ለቀማው፣ ወፍጮው፣ ጋጣውና ምድጃው የሚጀምረው። እንግዲህ ውሃው በተግባር ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ የልጁ ፊት ሳይታጠብ የቀረው በስንፍና ወይም ባለማወቅ ነው ማለት ሒሳብ አለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ምክር ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚለው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ከሙቀቱ ለድስቱ የሚያደርሰው ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ከጭሱ ጋር ይባክናል። በዚህ መሠረት አንድ እንስራ ውሃ ለማፍላት 3 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ደረቅ እንጨት ይፈልጋል። ዛፉ በተመናመነበት አገር ይህ እንጨት በኩበት ይተካል፤ ኩበቱም ለእርሻው ማዳበሪያ ሊሆን የሚችል ነበር። ስለዚህ ምክሩን የተቀበለ ገበሬ ከማሳው ይከፍላል። ነርሷ ይህን ስታውቅ ለሁሉም አፍሉ ከማለት ይልቅ ለታመመው ሕፃን ብቻ አፍሉ ትላለች፤ ሳኒታሪያኑ ደግሞ ምንጩን ከጎርፍና ከከብት ለመጠበቅ በድንጋይና በሲሚንቶ ለማጎልበት ሕዝቡን ያስተባብራል። በአንድ ቡድን ውስጥ መሆናቸው ካልቀረ ምክሩና ግንባታው አይለያዩም።

የጤና መኮንኖች ሥልጠና በ1970ዎቹ ተቋርጦ በ1990ዎቹ የተመለሰ ሲሆን፣ የቡድን ሥልጠናው ወግ ግን በጎንደር አልጠፋም። በዚያ መሐል ተማሪን ወደ ገጠር የመላክ ሌሎች ታላላቅ ሙከራዎች ተደርገዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1964 ተማሪዎቹ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ደነገገ። ከ1974 እስከ 1976 በተካሄደው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። ሁለቱም ሰፊ ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን ተማሪው የተላከው እንዲያስተምርና እንዲያነቃ ነበር፤ እንዲማርና እንዲቆጥር የተላከው በጎንደር ነው። ለማስተማር የሄደ ሰው የሚያየውና ለመማር የሄደ ሰው የሚያየው አንድ አይደለም። ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም ትምህርቱን ሁሉ ከኅብረተሰቡ ጋር ያቆራኘው የጎንደርን መንገድ በመከተል ነው ሊባል ይችላል።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጥያቄውን ገልብጦ አነሣው። ሌላውን ስለ ድሃ ኑሮ ከማስተማር ይልቅ በዚያው ኑሮ ውስጥ ያደገችውን ሴት ሙያውን ማስተማር አይቀልምን የሚል ነበር። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመርጠው ለአንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ በየቀበሌውም ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። እንስራው ምን ያህል እንደሚከብድ ለእነዚህ ሴቶች የሚነግራቸው አያስፈልግም። አርአያ የሚሆኑ ቤተሰቦችን መርጠው ለ96 ሰዓት ያሠለጥናሉ፤ ከትምህርቱም ዋናው የሽንት ቤት ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ውጤቱ የምክርን ዋጋ በቁጥር ያሳያል። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ቤተሰብ 82ቱ ምንም ዓይነት ሽንት ቤት አልነበራቸውም፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 32 ወርዷል። በዚያው በ2016 ጥናት ግን ደረጃውን የጠበቀና ከሌላ ቤተሰብ ጋር በጋራ የማይጠቀሙበት ሽንት ቤት ያላቸው ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። ጉድጓዱ የሚጠይቀው መቆፈሪያ፣ አካፋና ገበሬው በበጋ የማያጣውን ጉልበት ነው። ጉድጓዱን የሚከድነው ሊታጠብ የሚችል ወለል ግን ሲሚንቶ፣ ብረትና ከወረዳው ከተማ የሚያመጣው መጓጓዣ ይፈልጋል፤ ይህም በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ነው። በብዙ ቀበሌዎች እስከ ዛሬ ጉድጓዱ ላይ የሚጋደመው እንጨት ነው፤ በላዩም ጭቃ ይመረግበታል፤ እንጨቱም በጥቂት ክረምት ውስጥ ምስጥ ይበላዋል።